የሁለት ፈርዖኖች ግምት

ከተማው ሲጻፍ ካይሮ ነው፤ ሲጠሩት ግን ኬሮ፤
መብራቱ አለ፣ መንገዱ አለ፣ ሰው ነው የሌለው እንደ ድሮ።
ኦሃዮና ሚሲሲፒ ከደቡቡ ጫፍ ይገናኛሉ፤
ተገናኝተውም ጥቂት ቀለም ለይተው ይሄዳሉ።

ውሃው በጎደለ በዘጠነኛው ቀን ማለዳ
ከሴንት ሉዊስ ነድቼ መጣሁ።
ሥራዬ ግምት ነው፤ ዋጋ አወጣለሁ ለሰው ፍዳ፤
ሜትር፣ ካሜራ፣ አሥራ ሁለት ገጽ ቅጽ ይዤ ከመኪናው ወጣሁ።

ወይዘሮ ኦዴሳ ቶሊቨር ደጃፍ ቆመው ጠበቁኝ፤
ሰማንያ ሰባት ዓመታቸው ነው። «ዘገየህ» አሉኝ።
ከኋላቸው አዳራሹ፣ የቀድሞው የማኅበር ቤት፣
«መቅደስ» የሚባል፣ ሲጨፈርበትም ሲለቀስበት፤
በሩን ግራና ቀኝ ይዘው ሁለት የሲሚንቶ ፈርዖኖች፤
ጎርፉ ግንባራቸው ላይ አስምሮ አልፏል፣ እንደ ሰፈሩ ግድግዳዎች።

ጺማቸው የተገመደ፣ ክንዳቸው ከጎን የተጣበቀ፤
ጭብጣቸው ውስጥ ምን እንዳለ ማንም ያልጠየቀ።
የእኛ ሰው አባይን «ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይላል፤
ይኼኛው ወንዝ ግን ግንዱን
በቀኙ ፈርዖን ትከሻ አስደግፎ ሄዷል።

«ሉሺየስ ነው የሠራቸው፣ ባሌ፤ የማዘጋጃ ቤት ግንበኛ።
ልጆቻችን ‹እኛም እንግባ› ቢሉ፣ የከተማውን መዋኛ
ድፈኑት ተባለ በሲሚንቶ። እሱ ምን ያድርግ፣ ደሞዝተኛ፤
ቀን ቀን ሲደፍን ይውላል።
ማታ ማታ ከማቡኪያው የተረፈውን፣
ያንን ውሃ የነፈገንን፣ የጨከነውን፣
በጋሪ እየገፋ ይመጣል።
ከእሱ ነው ያቆማቸው።»

«ፊቱስ የማን ነው?» አልኩ። ቅጹ ይህን አይጠይቅም።
«መጽሐፉ ላይ ያለው ፈርዖን አፍንጫ የለውም፤
‹አፍንጫ የሌለው ንጉሥ በምን ሊተነፍስ?› አለና
ለግራው የናቱን ሰጠው፤ ቤቲ ቶሊቨር ናት፣ ጺም አብቅላ በቁመና፤
ለቀኙ የወንድሙን። ወንድሙን ወንዙ ነው የበላው፣
ዋና ማን አስተምሮት! ገና ልጅ ነው፣ ስምንት ዓመት ቢሞላው።»

እግራቸውን ለካሁ። ፈርዖን ግራውን ያስቀድማል፤
የቀኙ ግን ቀኙን። «ተሳስቷል?» አልኳቸው። «ይሆናል፤
ቅርጹን ገልብጦት ይሆናል። እኔ ግን አንዱ ይሄዳል፣
አንዱ ይመጣል ነው የምለው።»

ወደ ጀርባቸው ዞርኩ፤ ንጉሥ ስሙን የሚያስቀርጽበት፤
የቀደመውን ስም ፍቆ የራሱን የሚጽፍበት።
ጭቃውን በመዳፌ ጠረግሁ።
«የከተማው ንብረት» የሚል ማኅተም ነበረ፤ በምስማር ተፍቋል፤
ከሥሩ በጣት፣ ሲሚንቶው ሳይደርቅ፣ በልጅ እጅ ተጽፏል፦
ክሊዮ። ሩፈስ። አይቪ። መንትዮቹ ዌስሊና ዊላ።
ሌላም አንድ ስም ነበር፣ ፊደሉ የተንጋደደ፣ ተጀምሮ ያልሞላ።

በኩባንያው መዝገብ ለነገሥታት ረድፍ የለም፤
«የግቢ ማስዋቢያ፣ ሲሚንቶ፣ ትልቅ» ከማለት በቀር ሌላ አይልም።
ዞርኩ፣ አንኳኳሁ፣ ስንጥቅ ፈለግሁ፤ ቢኖር ደስ ባለኝ፤
ስንጥቅ ለእሳቸው ገንዘብ ነው። አንድም አልተገኘልኝ።
«ጉዳት፦ የለም» ብዬ ጻፍኩ፣ አንገቴን ደፍቼ።
ሳቁ። «ይህን ለመስማት ነው ዘጠኝ ቀን የቆምኩት፣ ከደጅ ወጥቼ።»

ከዚያ የውሃ ጎማ አስያዙኝ። «ከቀኙ ጀምር፣ ከልጁ፤
አፍንጫው ይከፈት መጀመሪያ።» ደለሉ ወረደ በደረቱ፣ በእጁ፣
ጥቁር፣ ደቃቅ፣ ከስንት ግዛት ተጋፍፎ የመጣ።
ሁለቱ ቀዳዳ ታየ፤ ከውስጡም ቀጭን ውሃ ወጣ።
ጎማውን ከፍ ሳደርግ ክንዴን ያዙኝ፣ በደረቀ ጣታቸው፤
«ቀስ» አሉኝ፣
«ውሃ አታብዛበት። ዋና አይችልም።»